የተሰረዘ በረራና የዘገየ ሻንጣ፦ ከቦሌ ርቀን ለምንኖር ሰዎች ምን መደረግ ነበረበት?

ጠያቂ፦ የጠባሴው (ደብረ ብርሃን)፣ ጥር 17

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይህን የምጽፈው ቤተሰባችን ባለፉት ሁለት ሳምንታት የገጠመውን በቅደም ተከተል አስቀምጬ፣ ጉዳዩን በቅርብ ከምታውቁ ሰዎች ምክር ለመጠየቅ ነው። ቢረዝምባችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ታላቅ እህቴ በጀርመን አገር ትኖራለች። የታናሽ ወንድማችን ሠርግ ጥር 9 ቀን ስለነበር፣ ከሳምንት በላይ አስቀድማ ለመድረስ ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ በቀጥታ የሚመጣ በረራ ቲኬት ቆርጣ ነበር። ሻንጣዋን አስረክባ መሳፈሪያው በር ላይ ስትጠብቅ ቆይታ፣ በረራው በቴክኒክ ብልሽት ምክንያት መሰረዙ ተነገራት። ምግብም ማደሪያም የሰጣት አልነበረም፤ እርሷም መብቷ መሆኑን ስላላወቀች አልጠየቀችም። ሌሊቱን ወንበር ላይ አሳልፋ በማግስቱ በሌላ ኩባንያ፣ በሦስተኛ አገር በኩል እንድትመጣ ተደረገ። እዚያ አውሮፕላን ለመቀየር የተሰጣት ጊዜ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም ነበር። ጥር 2 ሊነጋጋ ሲል ቦሌ ስትደርስ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚመዝኑት ሁለት ሻንጣዎቿ አብረዋት አልመጡም።

እኛ ከደብረ ብርሃን ሚኒባስ ተኮናትረን፣ እናታችንን ይዘን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተነሥተን ውጭ ቆመን እንጠብቃት ነበር። እህቴ እናታችን በብርድ መቆሟን ስታስብ ልቧ አልቆም ስላላት፣ ለአንድ ሠራተኛ የስልክ ቁጥሯን በቃል ነግራ ወጣች። ሸኖን እንዳለፍን ለእናታችን የስኳር መጠን መለኪያ ያመጣቻቸው ወረቀቶችና የሚዜዎቹ ሙሉ ልብሶች ሻንጣዎቹ ውስጥ መሆናቸውን ስትነግረን ሁላችንም ደነገጥን። በማግስቱ 130 ኪሎ ሜትሩን ተመልሰን ሄደን አስመዘገብን፤ ቁጥር ያለበት ወረቀትም ተሰጠን። ጥር 6 አንደኛው ሻንጣ መምጣቱ በስልክ ሲነገረን እኔ ብቻዬን ሄጄ፣ ጉምሩክ ላይ ባለቤቷ ራሷ መገኘት አለባት ተብዬ ባዶ እጄን ተመለስኩ። በማግስቱ አብረን ሄደን ተረከብን። ሁለተኛው ሠርጉም ጥምቀትም ካለፈ በኋላ ጥር 13 ደረሰ። ቁልፉ ተሰብሮ፣ ከውስጡ አንድ ሙሉ ልብስና ሁለት ጥንድ አዲስ ጫማ ጎድሎ ነበር። እህቴ ጉድለቱን ያየችው ደብረ ብርሃን ደርሰን ስትከፍተው ነው፤ ርክክቡ ላይ ግን ምንም ሳትጽፍ ፈርማለች።

ጥያቄዬ እነሆ። ከፈረመች በኋላ ስለ ጎደለው ዕቃ መጠየቅ ይቻላልን? በመዘግየቱ ምክንያት ላወጣነው ገንዘብና ለምልልሱስ? ስለ ተሰረዘው በረራስ የሚባል ነገር አለን? ሻንጣውን ከተረከብን ዛሬ አራተኛ ቀናችን ነው።

———

መልስ 1፦ የሻንጣ ክፍሉ (የጫጫ ልጅ፣ አሁን አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበልዎ፤ ዝርዝሩን ከዚያ በኋላ ያነቡታል። ሦስት ቀን ብቻ ቀርቷችኋል። ሻንጣ ተጎድቶ ወይም ከውስጡ ዕቃ ጎድሎ ሲገኝ፣ ቅሬታው ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቅረብ አለበት። ጥር 13 ከተረከባችሁ የመጨረሻው ቀን ጥር 20 ነው። በቃል የተነገረ፣ በስልክ የተነገረ፣ «እናያለን» የተባለ ሁሉ አይቆጠርም። እህትዎ ዛሬ ማታ ቁጭ ብለው ይጻፉ።

እኔ በሻንጣ አገልግሎት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ የማውቀውን ያህል ላስረዳ። ዓለም አቀፍ በረራን በሚመለከት መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1999 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ነው። ኢትዮጵያም ጀርመንም አባል ናቸው። በዚህ ስምምነት መሠረት አየር መንገዱ ሻንጣ ሲጠፋ፣ ሲጎዳ ወይም ሲዘገይ እስከ ተወሰነ መጠን ተጠያቂ ይሆናል። መጠኑ የሚለካው የዓለም የገንዘብ ድርጅት በሚያወጣው ኤስ ዲ አር በተባለ መለኪያ ሲሆን፣ ከታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ 1,519 ሆኗል፤ ይህም ከ2,000 የአሜሪካ ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ይህ ጣሪያ ለአንድ ሻንጣ ሳይሆን ለአንድ መንገደኛ መሆኑን ነው። ሁለት ሻንጣ ቢጠፋም ጣሪያው ያው ነው። ጣሪያ ማለት ደግሞ ሁሉም የሚያገኘው ክፍያ ማለት አይደለም፤ የሚከፈለው በማስረጃ የተረጋገጠው ጉዳት ያህል ብቻ ነው።

ስለ ፊርማው ጠይቀዋል። ያለ ቅሬታ መረከብ ሻንጣው በደህና እንደ ደረሰ ያስቆጥራል፤ ነገር ግን ይህ ግምት በማስረጃ የሚፈርስ ነው፤ በሩን አይዘጋውም። ስለዚህ የተሰበረውን ቁልፍ ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱት፤ ሻንጣውንም አትጠግኑት፣ አትጣሉትም። ሻንጣው ሲመለስ የተለጠፈበት አዲስ የታግ ወረቀት (የሻንጣው መለያ ቁጥር ያለበት) ካልተቀደደ አስቀምጡት። በፍራንክፈርት በርክክብ ጊዜ የተጻፈው ክብደትና ቦሌ ሲደርስ የነበረው ክብደት ልዩነት ካለው፣ ከማንኛውም ቃል የበለጠ ምስክር ይሆናችኋል፤ ክብደቱ እንዲገለጽላችሁ በደብዳቤው ላይ ጠይቁ።

መዘግየቱ የራሱ ቀነ ገደብ አለው። ዘግይቶ ለደረሰ ሻንጣ ቅሬታ የሚቀርበው ሻንጣው ለባለቤቱ ዝግጁ ከሆነበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ ነው። በዚህ ስሌት ለመጀመሪያው ሻንጣ እስከ ጥር 27፣ ለሁለተኛው እስከ የካቲት 4 ጊዜ አላችሁ። ይሁን እንጂ ሁለቱን ለየብቻ ከማድረግ ይልቅ በአንድ ደብዳቤ፣ በጥር 20 ውስጥ መጨረስ ይሻላል። ደብዳቤው የሚላከው ለማን ነው ለሚለው፣ እህትዎ ከአንድ በላይ ኩባንያ ተጠቅመዋልና፣ ቲኬቱን የሸጠውም ሆነ በመጨረሻው በረራ ቦሌ ያደረሳቸው ሊጠየቅ ይችላል። በተለምዶ ጉዳዩን የሚይዘው የመጨረሻው ነው፤ ለጥንቃቄ ግን ለሁለቱም ይላክ።

አሁን ወደ ኋላ ልመለስና መጀመሪያ ላይ የሆነውን እንይ፤ ይህን የሚያነቡ ሌሎች መንገደኞች ይጠቅማቸዋልና። ሻንጣ ሳይመጣ ሲቀር ከአዳራሹ ሳይወጡ ማስመዝገብ ትልቁ ነገር ነው። ሠራተኞቹ ፒ አይ አር የሚሉት የጉድለት ሪፖርት ተሞልቶ የሚሰጠው ቁጥር አሥር ምልክት አለው። መጀመሪያ የአውሮፕላን ማረፊያው ሦስት ፊደል፣ ቀጥሎ የአየር መንገዱ ሁለት ፊደል፣ ከዚያ አምስት አኃዝ ይከተላሉ። ዓለም ላይ ያሉ አብዛኞቹ አየር መንገዶች ሻንጣ የሚፈልጉበት ወርልድ ትሬሰር የተባለው የጋራ ሥርዓት በዚህ ቁጥር ይሠራል። ቁጥሩ ካልተከፈተ የእህትዎ ሻንጣ በሦስተኛው አገር መጋዘን ውስጥ ባለቤት የማይጠይቀው ዕቃ ሆኖ ይቀመጥ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የባከነው ጊዜ ለዚህ ነው የሚያስቆጨው። ሪፖርቱ ሲሞላ የሻንጣውን ቀለም ብቻ መናገር አይበቃም፤ ጥቁር ሻንጣ በሺህ የሚቆጠር ነው። ውስጡ ከላይ ያለውን ዕቃ፣ ለምሳሌ «ከላይ ነጭ ነጠላ በቢጫ ፌስታል ተጠቅልሎ አለ» ማለት፣ ታጉ የተቀደደ ሻንጣ ተከፍቶ ሲፈተሽ ባለቤቱን ያስገኛል።

ሻንጣ ለምን ይቀራል ብለው ለሚጠይቁ፣ በሥራ ዘመኔ ካየሁት የሚበዛው ምክንያት የትራንዚት ጊዜ ማጠር ነው። መንገደኛው በእግሩ ሮጦ ይደርሳል፤ ሻንጣው ግን ከአንዱ አውሮፕላን ወርዶ፣ ተለይቶ፣ ተፈትሾ፣ ለሌላው እስኪጫን የራሱ ጊዜ ይፈልጋል። በረራ ተሰርዞ መንገደኛው ወደ ሌላ ኩባንያ ሲዛወርማ፣ የድሮው ታግ ተነሥቶ አዲስ ካልተለጠፈበት ሻንጣው በቀድሞው መንገድ ይፈለጋል። በእህትዎ ላይ የደረሰው ይህ ሳይሆን አይቀርም። መንገድ ሲቀየርላችሁ «ሻንጣዬስ በአዲሱ በረራ ታግ ተደርጎለታልን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የታጉን አሥር አኃዝ ቁጥርም በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ከድሮ ጉዞ የቀሩ ታጎችንና ትንንሽ የባርኮድ ወረቀቶችን ሁሉ ላጡ፤ ማሽኑ አሮጌውን አንብቦ ሻንጣውን ወደ ሌላ አገር ሲልክ በዓይኔ አይቻለሁ።

———

መልስ 2፦ የአንኮበሯ (ጀርመን)

ጋሼ፣ የእናታችሁን ነገር ሳነብ ሆዴ ባባ። የስኳር መለኪያው በወቅቱ ከሌላ ቦታ ተገኝቶላቸው እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ለሁላችንም ትምህርት ይሁነን፤ መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ መቼም ቢሆን ከእጅ ሻንጣ መለየት የለበትም።

እኔ የምጽፈው ስለ ተሰረዘው በረራ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ጉዳይ ከሻንጣው ፈጽሞ የተለየ መብት አለው። እህትዎ የተነሡት ከአውሮፓ ኅብረት አገር ስለሆነ፣ አየር መንገዱ የየትኛውም አገር ይሁን የኅብረቱ ደንብ ቁጥር 261/2004 ይመለከተዋል። ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ሲሆን ግን ደንቡ የሚሠራው አየር መንገዱ የኅብረቱ ከሆነ ብቻ ነው፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በደንቡ መሠረት በረራ ሲሰረዝ መንገደኛው ገንዘቡን መመለስ ወይም በሌላ በረራ መሄድን ራሱ ይመርጣል። ሌላ በረራ እስኪያገኝ ድረስም ምግብ፣ ማደር ካለበት ሆቴልና ወደ ሆቴሉ የሚያደርስ መጓጓዣ ይሰጠዋል። እህትዎ ወንበር ላይ ማደር አልነበረባቸውም። ራሳቸው ከፍለው ከበሉ ደረሰኙን ያቅርቡ፤ ይመለሳል።

ከዚህ በተጨማሪ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነ ጉዞ 600 ዩሮ ካሳ አለ፤ ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ ከ5,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ይህ ካሳ የሚቀረው መሰረዙ ቢያንስ 14 ቀን አስቀድሞ ከተነገረ፣ ወይም ምክንያቱ እንደ ከባድ በረዶ፣ እንደ አየር ክልል መዘጋት ያለ ከአየር መንገዱ አቅም ውጭ የሆነ ነገር ከሆነ ነው። ተራ የቴክኒክ ብልሽት ግን ከዚህ እንደማይቆጠር የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ወስኗል። ስለዚህ «የቴክኒክ ችግር ስለሆነ ካሳ የለም» የሚል መልስ ቢመጣላችሁ አትቀበሉት። የመሰረዙን ምክንያት የሚገልጽ መልእክት በስልካቸው ተልኮ ከነበረ አያጥፉት። በጀርመን ሕግ ይህን ለመጠየቅ ሦስት ዓመት ጊዜ አለ፤ እንደ ሻንጣው አያጣድፍም። ዛሬ የሻንጣውን ጨርሱ፤ ይህንን እህትዎ ሲመለሱ በእርጋታ ያቅርቡት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በረራ ተሰርዞ ሰው ሲበሳጭ «ገንዘቤን መልሱልኝ» ማለት ይቀናዋል። ገንዘቡን ከመረጡ የአየር መንገዱ የማድረስና የመንከባከብ ኃላፊነት እዚያው ላይ ያበቃል፤ ሆቴልም ምግብም የለም፤ በዕለቱ የሚገኘው ሌላ ቲኬት ደግሞ እጥፍ ዋጋ ሊሆን ይችላል። ቤተሰብ የሚጠብቀው ሰው ሌላ በረራ መጠየቅ ይሻለዋል።

———

መልስ 3፦ ቲኬት ቢሮ (ደብረ ብርሃን)

የጻፋችሁትን ሁሉ አነበብኩ። በከተማችን የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ፤ ስለዚህ ችግሩ ከመድረሱ በፊት ስላለው ነገር መናገር የእኔ ድርሻ ይመስለኛል።

በረራ ሲሰረዝ ወይም ሰዓቱ ሲቀየር አየር መንገዱ መልእክት የሚልከው ቲኬቱ ላይ ወደ ተመዘገበው ስልክና ኢሜይል ነው። አንዳንድ ወኪሎች የመንገደኛውን ሳይሆን የራሳቸውን ስልክ ያስመዘግባሉ። መልእክቱ ማታ ሲመጣ ቢሮው ተዘግቷል፤ መንገደኛው ደግሞ ከሸዋ ሮቢት ወይም ከመሐል ሜዳ ተነሥቶ ቦሌ ከደረሰ በኋላ መሰረዙን ይሰማል። ቲኬት ስትቆርጡ «የማን ስልክ ነው የተመዘገበው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። የራሳችሁ ካልሆነ እንዲቀየር አድርጉ፤ ከመነሣታችሁ በፊትም በቲኬቱ ላይ ባለው ስድስት ምልክት ያለው ቁጥር በረራችሁ መኖሩን አረጋግጡ።

በእኛ አካባቢ ከመሰረዝ ባልተናነሰ በረራ የሚያሳጣው የሰዓትና የቀን አቆጣጠር ልዩነት ነው። ቲኬት የሚጻፈው በአውሮፓውያን ቀንና በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ቲኬቱ ላይ ጃንዋሪ 15፣ 00:30 ተብሎ ቢጻፍ፣ ያ ማለት ጥር 6 መሽቶ ከሌሊቱ 6:30 ማለት ነው። መንገደኛው ግን ጃንዋሪ 15 ጥር 7 ነው ይልና፣ በእኛ ልማድ ቀኑ ከንጋት ስለሚጀምር፣ ጥር 7 ማታ ቦሌ ይገኛል። በረራው ሄዶ 24 ሰዓት ሆኖታል። ከዚህ የከፋው ደግሞ የመሄጃውን በረራ ያልተሳፈረ ሰው የቀሩት በረራዎችና የመመለሻው ቲኬት ጭምር መሰረዛቸው ነው። እኔ ለመንገደኞቼ በእጄ «ጥር 6 ማታ በ2 ሰዓት ቦሌ ይገኙ» ብዬ በወረቀት እጽፍላቸዋለሁ። ለሚያነቡት ብቻ ሳይሆን ለሚሸኟቸው ልጆችም ይረዳል።

ሁለት የተለያየ ቲኬት ገዝቶ መቀጠልንም አጥብቄ እቃወማለሁ። ዋጋው ይቀንሳል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ሁለተኛው አየር መንገድ መንገደኛውን እንደ ቀረ ይቆጥረዋል፤ ኃላፊነት የሚወስድ የለም። በአንድ ቲኬት ላይ ከሆነ ግን እስከ መጨረሻው መድረሻ የማድረስ ግዴታ አለ።

ስለ ትራንዚት ቪዛም ልናገር። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገሮች አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ለመቀያየር እንኳ፣ ከማረፊያው ባይወጣም፣ የትራንዚት ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የሸንገን ወይም እንደ አሜሪካና ካናዳ ያለ ሕጋዊ ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ካለው በስተቀር። በረራችሁ ተሰርዞ በአውሮፓ በኩል አዲስ መንገድ ሲሰጣችሁ ይህን ሳታረጋግጡ እሺ አትበሉ፤ መሳፈሪያው በር ላይ ልትመለሱ ትችላላችሁ።

በመጨረሻም፣ ከደብረ ብርሃን ስትነሡ በዚያው ዕለት ከመድረስ ይልቅ በዋዜማው አዲስ አበባ አድሩ። ላምበረት መናኸሪያ ላይ የሚባክነውን ጊዜ፣ ሰንዳፋ ላይ ያለውን የመኪና ሰልፍ፣ የክረምቱን ጭጋግ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በመንገድ ምክንያት የዘገየን መንገደኛ አየር መንገዱ አይጠብቀውም፤ ካሳም የለውም።

———

መልስ 4፦ የመሐል ሜዳው

እናቴ ባለፈው ዓመት ልጇን ለመጠየቅ አሜሪካ ስትሄድ፣ በትራንዚት አገር በረራዋ ተሰርዞ ሁለት ሌሊት ቆይታለች። ማንበብ አትችልም፤ ከአማርኛ በቀር ቋንቋ የላትም። የጠቀማት አንድ ወረቀት ነው። ታላቅ ወንድሜ በአማርኛና በእንግሊዝኛ «እኒህ እናት ወደዚህ ከተማ ይሄዳሉ፤ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ጾም ስለሆነ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይበሉም፤ እባክዎ በዚህ ስልክ ይደውሉ» ብሎ ጽፎ፣ ከፓስፖርቷ ጋር በአንገቷ አንጠልጥሎላት ነበር። ቲኬቱ ሲቆረጥ የዊልቸር አገልግሎት አስቀድመን ስለጠየቅን፣ በረራው ሲሰረዝ የሚያስታውሳት ሠራተኛ ነበረ። መራመድ የምትችል ብትሆንም መጠየቃችን ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ቋንቋ የማይችል አረጋዊ ብቻውን የሚቀርበት ቦታ አይደለምና። በእጅ ቦርሳዋ የነበረው ድርቆሽና ቆሎ ሁለቱን ቀን አሻግሯታል።

ሻንጣዋ አራት ቀን ዘገየ። ውስጡ በርበሬና ሽሮ፣ ለልጅ ልጆቿም ከመንዝ የበግ ጸጉር የተሠራ ባና ነበር፤ ሁሉም በደህና ደርሷል። ነገር ግን የዘገየ ሻንጣ ባለቤቱ በሌለበት በጉምሩክ ሊከፈት ስለሚችል፣ በላስቲክ ላይ ምንነቱን በሚገባ ጽፎ ማሸግ ይበጃል።

———

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት

የሻንጣ ክፍሉ ወንድማችን፣ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ መከታተያ መሣሪያ ይጠቅማል ይላሉ። ያምኑበታልን? በላስቲክ መጠቅለልስ?

———

መልስ፦ የሻንጣ ክፍሉ

መከታተያው ይጠቅማል፤ ነገር ግን አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ቦታቸውን የሚያሳውቁት በአጠገባቸው የሚያልፉ ሰዎችን ስማርት ስልክ ተጠቅመው ስለሆነ፣ ሰው በበዛበት አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ጥሩ ይሠራሉ፤ ስልክ በሌለበት መጋዘን ግን ዝም ይላሉ። ለሠራተኛው «ሻንጣዬ አሁንም እነሆ በዚህ ከተማ ያሳያል» ብሎ ማሳየት ፍለጋውን ያፋጥናል፤ ሪፖርቱን ግን አይተካም። የስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ፓወር ባንክ ደግሞ በሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ አይከተት፤ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ በእርሱ ምክንያት ከጭነት የሚቀር ሻንጣም ብዙ ነው። መጠቅለሉ ከመቧጨርና ከቀላል ስርቆት ይከላከላል፤ ታጉ ግን ከላስቲኩ ውጭ መሆን አለበት፤ ስምና ስልክ የተጻፈበት ሌላ ወረቀት ደግሞ ሻንጣው ውስጥ ከላይ ይቀመጥ።

ስለ ቦሌም አንድ ነገር ልጨምር። ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ሞቅ ባለ ሰዓት ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። በዚህ ምክንያት አውሮፕላን ሲነሣ የሚይዘው ክብደት ይገደባል፤ አንዳንድ ጊዜም ሰው ተጭኖ ሻንጣ ለቀጣዩ በረራ የሚተወው ለዚህ ነው። በሠራተኛ ቸልተኝነት ብቻ እንዳይመስላችሁ።

———

ጠያቂው፦ የጠባሴው፣ ጥር 19

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። የሻንጣ ክፍሉን መልስ ለእህቴ ባነበብኩላት ማታ ቁጭ ብለን ጻፍን። የታጎቹን ቁጥር፣ የሪፖርቱን ቁጥር፣ የተረከብንባቸውን ቀኖች፣ የጎደሉትን ዕቃዎች ከነዋጋቸው አስቀመጥን። የሙሉ ልብሱ ደረሰኝ ጀርመን ከገዛችበት ሱቅ በኢሜይል ተገኘ፤ የአንደኛው ጫማ ደረሰኝ ግን የለንም፤ የባንክ ክፍያዋን አያይዘናል። እዚህ ከደብረ ብርሃን ገበያ በችኮላ የገዛናቸው የሚዜ ልብሶች ደረሰኝ ስላልነበራቸው፣ ትናንት ነጋዴዎቹ ዘንድ ሄጄ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ እንዲጽፉልኝ ጠየቅሁ፤ አንዱ እሺ አለ፣ አንዱ አልሆነለትም። ወደ ቦሌ የተመላለስንባቸውን ሦስት ጉዞዎች፣ ማለትም ለማስመዝገብና ሻንጣዎቹን ለመረከብ የሄድንባቸውን፣ ለየብቻ ጽፈናል፤ እኔ ብቻዬን ሄጄ የተመለስኩበትን አልጨመርንም፤ አስቀድሜ በስልክ ሳልጠይቅ የሄድኩት እኔ ነኝና።

ደብዳቤው ለሁለቱም ኩባንያዎች ትናንት ማታ በኢሜይል ተልኳል፤ ከአንደኛው መቀበሉን የሚገልጽ መልስ ዛሬ ጠዋት መጥቷል፤ አትመን አስቀምጠነዋል። ከሌላው ገና ነው። እህቴ የመመለሻ በረራዋ በየካቲት መጀመሪያ ስለሆነ፣ የተሰረዘውን በረራ ጉዳይ የአንኮበሯ እህታችን እንዳለችው እዚያ ደርሳ ታቀርበዋለች።

የአንኮበሯ ስለ እናታችን ጠይቀሽ ነበር። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ተመሳሳይ መሣሪያ ስላላቸው የራሳቸውን አካፍለዋት ነበር፤ አሁን ደህና ናት። የቀሩት ወረቀቶች በሁለተኛው ሻንጣ ውስጥ ሳይነኩ ተገኝተዋል።